የእንግሊዝኛ ቃላቴን በጣና ዙሪያ ያሰፋሁበት መንገድ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም ሌክቸሩ፣ ፈተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ያም ሆኖ ብዙዎቻችን ዲግሪ ይዘን ከወጣን በኋላ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስናነብ መሀል ላይ እንቆማለን። ለመጻፍ ስንቀመጥ ደግሞ ቶሎ የሚመጡልን እነዚያው «ጉድ»፣ «ባድ»፣ «ቢግ»፣ «ቬሪ ኢምፖርታንት» ናቸው። ሐሳብ አጥተን አይደለም። ሰዋስውም ቢሆን ለዓመታት ተምረነዋል። የሚያጥረን ቃል ነው።

እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ባዮሎጂ ተምሬ፣ አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቃላት ላይ አጥብቄ የሠራሁት ለማስተርስ ስኮላርሺፕ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መፈተን ስለነበረብኝ ነው። አሁን ተማሪዎቼም ጓደኞቼም «ምን አንብበሽ ነው?» ይሉኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ስለሆነ መልሱን በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው።

ቁጥሮቹን ላስቀድም። የትኛው ቃል ላይ መልፋት እንዳለብን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ማይክል ዌስት የተባለ የቋንቋ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የሚዘወተሩትን ወደ 2000 የሚሆኑ ቃላት ሰብስቦ አሳትሟል። እነዚህን እስከ 12ኛ ክፍል የተማረ ሰው በአብዛኛው ያውቃቸዋል። ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ ደግሞ ኤቨሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ለይታ አወጣችው። 3.5 ሚሊዮን ቃላት ያሉትን የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጽሑፍ መርምራ በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦችን ዘረዘረች። ከአንድ አካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉ የሚሸፈነው በእነዚህ ነው። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።

የቃል ቤተሰብ ማለት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ማለት ነው። እኛ ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጻፊያ እንደምንለው፣ እነሱም «አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ»፣ «አናሊቲካል»፣ «አናሊስት» ይላሉ። የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው።

ፖል ኔሽን የተባለው ሌላው የኒውዚላንድ ምሁር ደግሞ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ብዙ ችግር ለማንበብ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ያን ያህል የሚያውቅ ሰው ከ100 ቃላት 98ቱ አይቸግሩትም ማለት ነው።

እንግዲህ 2000ው አለን እንበል። 570ውን በትጋት እንጨምር። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከ5000 በላይ ነው። ይህን ሁሉ በችከላ የሚወጣው ሰው አላየሁም። ቃሉን በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ ጽፎ መሸምደድ ለነገ ፈተና ይሆን ይሆናል፤ ዕድሜ ግን የለውም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እየሸመደደ በስንት ጊዜ እንደሚረሳቸው ለካ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙው ይጠፋል፤ የቀረው ቀስ እያለ ይረሳል። ከምንም ነገር ጋር ሳናያይዝ የሸመደድነው የእንግሊዝኛ ቃልም ለአእምሯችን እንደዚያ ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው።

ስለዚህ ቃላቱን የማያይዝበት ነገር ፈለግኩ። የመረጥኩት ጣናን ነው።

ለምን ጣና? ነገሩን በአማርኛ አውቀዋለሁ። እምቦጭ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ደንገል ምን እንደሚጠቅም፣ ታንኳ ከምን እንደሚሠራ፣ ቆሮሶና አምባዛ በምን እንደሚለያዩ እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚያ ላይ ስለ ጣና በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙ ነው። የዓሣ ጥናት አለ፣ የአረም ጥናት አለ፣ የደለል ጥናት አለ፣ የገዳማት ታሪክ አለ፣ የቱሪስት መመሪያ አለ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው የሚጠበቁበት ቀጠና ሆኖ) ስለተመዘገበ ያን የሚመለከቱ ሰነዶችም አሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የጣና ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በሌላ ዓለም የማይገኙ የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ናቸው። የተወሰኑት በክረምት ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው «ስፖን» የሚለውን ግስ በጽሑፉ ውስጥ ሲያገኘው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ዓሣው ወንዝ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ያውቃልና። በሚቀጥለው ጽሑፍ ደግሞ «ስፖኒንግ ሚግሬሽን» ብሎ ይመጣል። በሦስተኛው «ስፖኒንግ ግራውንድ» ይላል። እንደዚሁ «ኤንዴሚክ»፣ «ትሪቢዩታሪ»፣ «ዲክላይን»፣ «ኦቨርፊሺንግ» የሚሉት አይቀሩም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ መደጋገም ነው። ዛሬ ስለ ፖለቲካ፣ ነገ ስለ ኮምፒውተር፣ ከነገ ወዲያ ስለ ልብ ሕመም ካነበብን በየቀኑ አዲስ ቃል ይመጣል፤ የትናንቱ ግን ተመልሶ አይመጣም። አንድ ርዕስ ላይ ከቆየን ግን ቃላቱ እየተመላለሱ ያገኙናል። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ከባድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት በግልጽ እየቀለሉ ይሄዳሉ።

አነባበቤ እንዲህ ነበር። ጽሑፉን ከኢንተርኔት አውርጄ ፔዳ በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አሳትመዋለሁ። ወረቀት ላይ ማንበብ እመርጣለሁ፤ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ አያቋርጠኝም። በመጀመሪያው ንባብ መዝገበ ቃላት አልነካም። የማላውቀውን በእርሳስ አሰምርበትና አልፋለሁ። ያሰመርኩበት ቃል በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ዳግመኛ ሲመጣ ብቻ ወደ ደብተሬ ይገባል። አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋው ይለፈኝ። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ የሚዘጋ ቃል ከሆነ ግን ወዲያው አየዋለሁ።

ይህ ማጣሪያ ብዙ ልፋት ቀንሶልኛል። ያገኙትን ቃል ሁሉ ለመያዝ የሚሞክሩ ተማሪዎች አሉኝ። አንድ ገጽ ላይ ሰዓት ያጠፋሉ፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሰላቻሉ።

ደብተሬ ላይ ቃሉን ብቻውን አልጽፍም። ያገኘሁበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እገለብጣለሁ። ከዚያ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ አሰምርበታለሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ ተናጋሪ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው።

ጥናት ማድረግ ስለምንል ብዙ ተማሪ «ሜክ ሪሰርች» ብሎ ይጽፋል። እነሱ የሚሉት «ኮንዳክት ሪሰርች» ወይም «ዱ ሪሰርች» ነው። እምቦጭ በዓሣ ሀብቱ ላይ ስጋት ፈጥሯል ለማለት «ክሪኤት» የሚለው ቶሎ ይመጣልናል፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ደጋግመን የምናገኘው ግን «ፖዝ ኤ ትሬት» የሚለው ነው። መደምደሚያ ላይ ሲደርሱ «ድሮው ኤ ኮንክሉዥን» ይላሉ። «ፖዝ» ምን ማለት ነው ብላችሁ ለብቻው ብትሸመድዱት «ትሬት»ን አያመጣላችሁም። ጥንዱን አብራችሁ ከያዛችሁ ግን ስትጽፉ ተያይዘው ይመጣሉ። የአንድ ሰው እንግሊዝኛ በሰለ የሚባለው እንደ እኔ በዚህ ነው። ብርቅ ቃል ማወቅ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ለዚህ ሥራ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃም። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ያስፈልጋል። የሎንግማን መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን የሚያብራራው ወደ 2000 በሚሆኑ ቀላል ቃላት ነው። ስለዚህ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹም ጥንዶቹን ያሳያሉ። የኦክስፎርዱም እንዲሁ ጥሩ ነው። ሁለቱም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አሉ፤ ድምፁንም ያሰማሉ።

ድምፁን ችላ አትበሉት። አማርኛ ስንናገር ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል እኩል ስለምንጥላቸው የእንግሊዝኛው ጫና፣ ማለትም ከክፍለ ቃላቱ አንዱን አጠንክሮ መጥራት፣ ያመልጠናል። «አናላይዝ» ሲሉ ጫናው የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው፤ «አናሊሲስ» ሲሉ ሁለተኛው ላይ፤ «አናሊቲካል» ሲሉ ሦስተኛው ላይ። አንድ ቤተሰብ ሆነው ጫናቸው ይዘዋወራል። በዓይን ብቻ የምናውቀው ቃል በሊስኒንግ ፈተና ሲመጣ የማናውቀው የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ደብተሬ ላይ ጫናው ያለበትን ክፍል በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ ጮክ ብዬም አነበዋለሁ።

ክለሳውን የምሠራው አንኪ በሚባል አፕ ነው። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፤ አይፎን ላይ ግን ይከፈልበታል። ካርዶቹ አንዴ ስልኩ ውስጥ ከገቡ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ያወቅነውን ካርድ ቀኑን እያራዘመ፣ የረሳነውን ቶሎ ቶሎ እየመለሰ ያሳየናል። ስልክ የሌለው በካርቶን ሣጥን ሊሠራው ይችላል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ሣጥኑ በክፍል በክፍል ይከፈላል። የታወቀ ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል፤ የተረሳ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው በየቀኑ ይከለሳል፤ የኋለኞቹ አልፎ አልፎ። አንዳንድ ተማሪዎቼ ያለፈ ፈተና ወረቀት ቆራርጠው ይሠሩታል።

ካርዱ ላይ የምጽፈው ዓረፍተ ነገሩን ነው፤ የምፈልገው ቃል ቦታ ክፍት ይሆናል። ለምሳሌ ስለ እምቦጭ የሚለው ዓረፍተ ነገር ተጽፎ «ፖዝ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። በየቀኑ የምጨምረው ጥቂት ካርድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ብዙ የጫነ ሰው በሳምንቱ ክለሳው ተከምሮ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ይተወዋል።

አንድ ርዕስ ላይ መቆየት ምን ያህል እንደሚያደርስ ያየሁት ግን ጣና ዳር ባለችው ዘጌ ላይ ነው። ተማሪዎች ይዘን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሄደን ሳለ አንድ ጠና ያሉ አስጎብኚ ለውጭ እንግዶች ሲያብራሩ ቆሜ ሰማሁ። አንዷ እንግዳ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች «ፍሬስኮ» አለቻቸው። እሳቸው በትሕትና፣ ፍሬስኮ በእርጥብ ልስን ላይ የሚሣል መሆኑን፣ የእኛው ግን ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ መሆኑን አስረዷት። ቀጥለው ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ አንዱ በሌላው ውስጥ ክብ ሆነው የተሠሩ መሆናቸውን ሲናገሩ «ኮንሴንትሪክ» አሉ። «ፒግመንት»፣ «ፓርችመንት»፣ «አይኮኖግራፊ» ሁሉም በቦታቸው ይመጡላቸው ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«ከሥራዬ ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ገዳሙ፣ ስለ ሐይቁ ነው። እሱኑ አነባለሁ፣ እሱኑ መልሼ አወራለሁ። ስለ መኪና ሞተር ብትጠይቂኝ አንድ ቃል የለኝም።»

እሱኑ መልሼ አወራለሁ ያሉት ነገር አለ። ያነበብነውን ካላወራነው ወይም ካልጻፍነው ቃሉ ሲያዩት የሚታወቅ፣ ሲፈልጉት የማይገኝ ሆኖ ይቀራል። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ወደ ማታ በሐይቁ ዳር መንገድ ስንሄድ ያነበብነውን ጽሑፍ በየተራ በእንግሊዝኛ እንተርካለን። ወረቀት አንይዝም። አንዷ ስትተርክ ሌላዋ ትጠይቃለች። ቃል ሲጠፋን በሌላ አባባል እንዞረዋለን እንጂ ወደ አማርኛ አንሄድም። ቤት ስገባ ያንኑ በአንድ አንቀጽ እጽፈዋለሁ። ከደብተሬ ጥቂት ቃል መርጬ፣ ቦታቸው ከሆነ ብቻ አስገባለሁ።

ቦታቸው ከሆነ ብቻ ማለቴ በምክንያት ነው። በአይኤልትስ የጽሑፍ ፈተና ከአራቱ እኩል ነጥብ ካላቸው መመዘኛዎች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው። ይህን የሰሙ ተፈታኞች ከባድ የሚመስል ቃል በየዓረፍተ ነገሩ ይሰካሉ። መመዘኛው ግን ትክክለኛነትንም፣ የቃላት ጥምረትንም ያያል። «ስታርት» የሚለው ጥሩ ሆኖ ሳለ በየቦታው «ኮመንስ» ማለት ነጥብ አያመጣም። ቦታውን የሳተ ትልቅ ቃል እንዲያውም ነጥብ ያስቀንሳል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ያለውን አንድ የተለየ ዕድል ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ነጋሪት ጋዜጣ። የፌዴራል አዋጆች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተሙት። አንዱን አንቀጽ በአማርኛ አንብባችሁ ዓይናችሁን ወደ ጎን ብታዞሩ እንግሊዝኛው እዚያው አለ። እኔ ከርዕሴ ሳልወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅን፣ ቁጥር 315/1995ን አነበብኩት። «ላይሰንስ»፣ «ፕሮሂቢት»፣ «ፔናልቲ»፣ «ፐርሱዋንት ቱ» የሚሉት ሁሉ እዚያ ከነአማርኛቸው ተቀምጠዋል። ሕግ ለሚያጠና ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ነጻ መማሪያ አላውቅም። ሕገ መንግሥቱም በዚሁ መልክ ይገኛል። የሕግ እንግሊዝኛ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ «ሻል» የሚለውን እዚያ ስላያችሁ ለጓደኛ ደብዳቤ አትጻፉበት።

የላቲንና የግሪክ ሥሮችን ማወቅም ይረዳል። «ስፔክት» ከማየት ጋር እንደሚያያዝ ካወቃችሁ «ኢንስፔክት»፣ «ስፔክቴተር»፣ «ሪትሮስፔክት» ይቀርቧችኋል። ብዙ ጊዜ ግን አላጠፋሁበትም። ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ በግምት ፍቺ ለመስጠት ያሳስታል።

ታዲያ ሁልጊዜ ጣና ብቻ ይነበባል ወይ? አይደለም። ጣና ራሱ ወደ ሌላ ይወስዳል። ስለ ደለል ስታነቡ ወደ አፈር መሸርሸር፣ ከዚያ ወደ እርሻ ትገባላችሁ። ከዓሣው ወደ ሥነ ምግብ፣ ከገዳማቱ ወደ ታሪክ ትሻገራላችሁ። ስትሻገሩ እጃችሁ ባዶ አይደለም። በኮክስሄድ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያሉት «ኢንዲኬት»፣ «ኢስቲሜት»፣ «ኦከር»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ዴራይቭ» በዓሣው ጥናት ውስጥ የለመዳችኋቸው ናቸው። የወባ ጥናት ስትከፍቱም እነሱው ይቀበሏችኋል። አዲስ የሚሆንባችሁ የርዕሱ ልዩ ቃል ብቻ ነው። እኔ ሁለተኛው ርዕሴ ጤና ነበር፤ ከመጀመሪያው በብዙ ቀለለኝ።

ጣና የግድ የእናንተ ርዕስ መሆን የለበትም። ነርስ ከሆናችሁ የእናቶች ጤና፣ ባንክ የምትሠሩ ከሆነ ብድርና ወለድ፣ የገበሬ ልጅ ከሆናችሁ ጤፍ ይሁን። በአማርኛ ቁጭ ብላችሁ ለሰዓት ልታወሩበት የምትችሉት ነገር ይሁን እንጂ የትኛውም ይሆናል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። ከመሀሉ አንድ አንቀጽ ውሰዱና 100 ቃል ቁጠሩ። የማታውቁት ከአምስት በላይ ከሆነ ለጊዜው አስቀምጡት፤ በዚያው ርዕስ ቀለል ያለ ፈልጉ። የጋዜጣ ዘገባ ወይም የቱሪስት ጽሑፍ ከጥናት ጽሑፍ ይቀላል። የጥናት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ከአጭር መግለጫውና ከመግቢያው ጀምሩ፤ የዘዴውን ክፍልና ሠንጠረዦቹን ለኋላ ተዉአቸው። ያስቀመጣችሁትን ከጥቂት ወራት በኋላ መልሳችሁ አውጡና እንደገና 100 ቃል ቁጠሩበት።